ድካም ሁሉ የአካል እንቅስቃሴ አይደለም

ለምርመራ የሚመጡ እናቶችን «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ያደርጋሉ?» ብዬ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ ተመሳሳይ ነው። «ዶክተር፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ነው የምውለው፤ ከዚህ በላይ ምን እንቅስቃሴ አለ?» ይሉኛል። ድካማቸው እውነት ነው። ነገር ግን የደም ግፊት መለኪያው 160 በ100 ሲያሳይ፣ መድከምና መንቀሳቀስ አንድ እንዳልሆኑ አብረን እንረዳለን።

ልብስ በእጅ ማጠብ፣ ውሃ መቅዳት፣ ዳገት መውጣት ትንፋሽን እስካፈጠኑ ድረስ እንቅስቃሴ ናቸው። ምድጃ ፊት ለረጅም ሰዓት መቆም፣ ሱቅ ወይም ቢሮ ተቀምጦ መዋል፣ የታክሲ ሰልፍ መጠበቅ ግን ያደክማሉ እንጂ ልብንና ሳንባን በበቂ ሁኔታ አያሠሩም።

በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ካሉ አዋቂ ሴቶች 34 በመቶ የሚሆኑት በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም፤ በወንዶች ቁጥሩ 29 በመቶ ነው። ይህ በሴቶች ስንፍና የመጣ አይደለም። የቤት ሥራው ጫና፣ የጊዜ እጥረትና «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ይሉኝታ ድርሻ አላቸው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። በእርሷና በተተኪዎቿ እንኮራለን፤ ብዙዎቻችን ግን እንቅስቃሴን ለአትሌቶች ብቻ ትተነዋል።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

አዘውትሮ መንቀሳቀስ የደም ግፊት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የላይኛውን ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ይቀንሳል። ጡንቻ ስኳርን ከደም እንዲወስድ ስለሚያግዝ ለስኳር ሕመም የመጋለጥ ዕድልን ይቀንሳል። አጥንትን ያጠነክራል፤ ጭንቀትንና ድብርትን ያቀላል፤ እንቅልፍን ያስተካክላል። ክብደትዎ ባይቀንስ እንኳ እነዚህን ጥቅሞች ያገኛሉ። ስለዚህ ሚዛኑ አልወረደም ብለው አያቁሙ።

ምን ያህል? እንዴት?

የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ማለትም በቀን 30 ደቂቃ ለአምስት ቀናት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ነው። ልኩን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፤ እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ትክክል ነዎት። በተጨማሪም በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን ያሠሩ፤ ከወንበር 10 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ለጀማሪ ጥሩ ነው።

ሰላሳው ደቂቃ ከበዛብዎት በ10 ይጀምሩ። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመው ይውረዱ። ምቹ ጫማ እንጂ የተለየ ልብስ አያስፈልግም፤ ነጠላዎን ለብሰው መሄድ ይችላሉ። ብቻዎን መውጣት ካሳፈረዎት ወይም ካሰጋዎት የቡና ጎረቤቶችዎን ይጥሩ፤ ከቡናው በፊት አብሮ መራመድ ጨዋታውንም ያደምቀዋል። በጾም ወቅት ቀለል ያለ ጉዞ ይምረጡ፤ ከተቻለ ከምግብ በኋላ ያድርጉት።

ጥንቃቄ

የልብ ሕመም ካለብዎት፣ የደም ግፊትዎ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ወይም በቀዶ ሕክምና ከወለዱ ገና ከሆነ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ነፍሰ ጡር እናቶች ሐኪም ካልከለከላቸው በእግር ቢጓዙ ይጠቀማሉ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ጣፋጭ ነገር ይያዙ። ደረትዎን ካመመዎት ወይም ካዞረዎት ወዲያው ያቁሙና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የታዘዘልዎትን መድኃኒት ደግሞ «ስፖርት ጀምሬያለሁ» ብለው አያቋርጡ።

በመጨረሻም ለባሎች፣ ለልጆችና ለወንድሞች አንድ ቃል አለኝ። እናት ግማሽ ሰዓት ለራሷ እንድታገኝ ከቤቱ ሥራ አንዱን ተቀበሏት። እርስዎም፣ እህቴ፣ ያንን ግማሽ ሰዓት ከቤተሰብዎ የሰረቁት አድርገው አይቁጠሩት። ጤናዎ ሲጓደል ቤቱም አብሮ ይጎድላል።

መልካም ጤንነት!