የማሳ መዝገብ አዘገጃጀትና የጥያቄን ጥቅም መለካት

(ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የክፍል ልምምድ)

1. መግቢያ

በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ በተስፋፋ ጊዜ በሰፊው ይዘሩ ከነበሩት የስንዴ ዝርያዎች መካከል ቁብሳ ክፉኛ ተጠቅቷል። ከእንዲህ ያለ ጉዳት በኋላ ማኅበሩ ለመጪው ወቅት የሚያቀርበውን ዘር በትክክል ለመምረጥ የተስተካከለ የማሳ መዝገብ ሊኖረው ይገባል። ብዙ ጥያቄ የያዘ መዝገብ ሁሉ ግን ጠቃሚ አይደለም። ይህን በኤክሴል ወይም በመሰል የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ማሳየት ይቻላል።

2. የሠንጠረዡ አዘገጃጀት

ሀ. አንድ ረድፍ ለአንድ ማሳ፣ አንድ ዓምድ ለአንድ ጉዳይ ይሁን።

ለ. የገበሬው ስምና ቀበሌ በሌላ ሠንጠረዥ ይመዝገብና በገበሬው ቁጥር ይያያዝ። ሦስት ማሳ ያለውን ገበሬ ስም ሦስት ጊዜ መጻፍ ስህተትን ያበዛል።

ሐ. የዝርያ ስም ከተዘጋጀ ዝርዝር ብቻ ይመረጥ። «ቁብሳ» እና «ኩብሳ» ተብሎ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት ዝርያ አድርጎ ይቆጥረዋል።

3. የጥያቄን ጥቅም መለካት

ክሎድ ሻነን በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የመረጃን መጠን በቢት የሚለካ ቀመር አቅርቧል። «አዎን» ወይም «አይደለም» የመሆን ዕድሉ እኩል የሆነ ጥያቄ መልስ 1 ቢት ነው። አስቀድሞ የታወቀ መልስ 0 ቢት ነው።

ለልምምድ 16 ማሳዎችን እንውሰድ። 8ቱ ዋግ አለባቸው፣ 8ቱ የለባቸውም። ስለዚህ ያልታወቀው 1 ቢት ነው።

ዝርያ «ሀ» ከተዘራባቸው 8 ማሳዎች 7ቱ፣ ዝርያ «ለ» ከተዘራባቸው 8 ማሳዎች 1ዱ ዋግ አለባቸው እንበል። በእያንዳንዱ ዝርያ ውስጥ ድርሻዎቹ 7/8 እና 1/8 ናቸው። እያንዳንዱን ድርሻ በሁለት መሠረት በተሰላው ሎጋሪዝሙ አባዝቶ መደመርና የመቀነስ ምልክቱን ማንሣት ነው። ውጤቱ 0.54 ይሆናል። ከ1 ሲቀነስ 0.46 ቢት ይቀራል፤ ይህም ዝርያውን በማወቅ የተገኘው መረጃ ነው።

በጊዜ ከተዘሩት 8 ማሳዎች 4ቱ፣ ዘግይተው ከተዘሩት 8 ማሳዎችም 4ቱ ዋግ ቢኖርባቸው፣ የመዝሪያ ጊዜ ስለ ዋግ የሰጠው መረጃ 0 ቢት ነው። በ16ቱም ማሳ ማዳበሪያ ተጨምሮ ከሆነ የማዳበሪያውም ዓምድ 0 ቢት ነው።

4. ማሳሰቢያ

ሀ. 0 ቢት ማለት ማዳበሪያ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ያልተጨመረበት ማሳ ስላልተመዘገበ ማወዳደር አልተቻለም ማለት ነው።

ለ. የማሳ ቁጥር በዚህ ስሌት ሙሉ 1 ቢት ያሳያል፤ እያንዳንዱ ማሳ የራሱ ቁጥር አለውና። ስለሚቀጥለው ዓመት ግን ምንም አይነግርም። ስለዚህ ከስሌቱ ውጪ ይሁን።

ሐ. ዝርያ «ሀ» የተዘራው በእርጥበታማው ደጋ ብቻ ከሆነ ጉዳቱን ያመጣው ዝርያው ይሁን ቦታው አይለይም። ዘር ከመለወጥ በፊት ሁለቱንም ዝርያዎች በአንድ ቦታ መዝራትና ማወዳደር ያስፈልጋል።