የጣና ታንኳ

የጣና ታንኳ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ከደንገል የሚሠራ ጠባብ ጀልባ ነው። በካምቦዲያው ቶንሌ ሳፕ እንደሚታየው ያለ ተንሳፋፊ የዓሣ አጥማጆች መንደር በጣና የለም፤ ቤቱ በየብስ፣ እንጀራው ግን በውሃው ላይ ነው።

በታንኳ ሥራ የታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። «ወይጦ» ብቻውን እንደ ስድብ ስለሚሰማ ራሳቸው የሚመርጡት «ነገደ» መባልን ነው፤ እንግዳ ሰው ይህን ማወቁ ይበጃል። ቀድሞ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ ሥጋውን በመብላታቸውም ጎረቤት ይጸየፋቸው ነበር። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው።

ደንገሉ ታጭዶ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ ይታሰራል። የሚንሳፈፈው የአገዳው ውስጥ አየር ስለሚይዝ ነው። ነገር ግን ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከሥራ መልስ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል። እንዲያም ሆኖ ብዙ አይቆይም፣ ቶሎ ቶሎ በአዲስ መተካት አለበት። ቀረሶና አምባዛ ይጠመድበታል፤ ማገዶም ይጫንበታል።

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ሊያቋርጥ የተነሣባት «ራ» ደንገሏ የጣና ነበር። የሠሯት የቻድ ሐይቅ ሰዎች ሲሆኑ መንገድ ላይ ተበታተነች። በዓመቱ የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች የሠሯት «ራ 2» ግን ባርቤዶስ ደርሳለች።

ከባሕር ዳር ወደ ገዳማቱ የሚሄድ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳፈረው በሞተር ጀልባ ነው። ሐይቁ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ቢመዘገብም፣ የደንገሉ ቦታ ለእርሻ እየተመነጠረ፣ እምቦጭም ዳርቻውን እየሸፈነ፣ ታንኳ ሠሪው የሚያጭደው ደንገል እያነሰበት ነው።