የቀወት ካሮት የሚጣፍጠው በብርድ ወር ነው

«ሸዋ ሮቢት ካሮት አይሆንም» የሚሉኝ የቀወት ጎረቤቶቼ ግማሽ እውነት አላቸው። በግንቦት ከተዘራ ቅጠሉ ይንሰራፋል፤ ሥሩ ግን አጭርና የገረጣ፣ ሲያኝኩትም እንጨት እንጨት የሚል ይሆናል። እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። ትዳር ወደ ቆላ ካወረደኝ ወዲህ ካሮቴን ከብርዱ ጋር እንጂ ከክረምቱ ጋር አላያይዘውም።

ካሮት ቀን ቅጠሉ በፀሐይ የሠራውን ስኳር ወደ ሥሩ ያወርዳል። ሌሊት ደግሞ ከዚያው እየቀነሰ ይኖርበታል። ሌሊቱ ከሞቀ ፍጆታው ይጨምራል፤ ከቀዘቀዘ ስኳሩ ይተርፋል። በዚያ ላይ ለካሮት ሽታውን የሚሰጡት ተርፒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በሙቀት ይበዙና ምላስ ላይ ይመርራሉ። ሥሩ ደስ የሚለው ከ16 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከባሕር ወለል 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ለዚህ የምትቀርበው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ካሮት ለመድረስ ሦስት ወር ያህል ስለሚፈልግ፣ መስቀል እንዳለፈ መደቤን አዘጋጅቼ በጥቅምት መጀመሪያ እዘራለሁ።

የእኛ ሰው ሽንኩርት ስለለመደ ካሮትንም ችግኝ አፍልቶ ማዛወር ይፈልጋል። አይሆንም! ያ የሚበላው ዋና ሥር ገና ቀጭን ክር ሳለ ከተነካ ጠምዛዛ ሆኖ ይቀራል። ዘሩ የሚጣለው በቀጥታ መደቡ ላይ ነው። ዋልካ መሬት ለማሽላና ለጤፍ የታደለ ነው፤ ካሮትን ግን ጨምቆ ይይዘዋል። ስለዚህ የወንዝ ደለልና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዬ መደቡን ከስንዝር በላይ ከፍ አደርጋለሁ። ትኩስ እበት ሥሩን ሁለትና ሦስት እግር ያወጣበታል። ዩሪያ ማብዛትም ቅጠል ማሳደግ ነው።

ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነው፤ አንድ ግራም ውስጥ 800 ገደማ ፍሬ አለ። ከደረቅ አሸዋ ጋር አሽቼ፣ በመስመርና በመስመር መካከል አንድ ስንዝር ትቼ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር በማይሞላ አፈር አለብሰዋለሁ። ከላይ እርጥብ ጆንያ አደርግና ቡቃያው ብቅ ሲል፣ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ አነሣዋለሁ። ሦስት አራት ቅጠል ሲያወጣ አመሻሽ ላይ ውሃ አጠጥቼ፣ ከአንዱ እስከ አንዱ አምስት ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ድረስ አሳሳዋለሁ። እየነቀሉ መጣሉ አንጀት ይበላል፤ ያላሳሳ ሰው ግን የሚያጭደው ቅጠል ነው። የመስኖ ተራ ዘግይቶ ድንገት ብዙ ውሃ ሲለቀቅ ሥሩ ይሰነጠቃልና በየቀኑ በጀሪካን ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ይሻላል። ፀሐይ የነካው አናቱ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚመርም አፈር አስታቅፉት።

ዘር ለማስቀረት የሚጠብቅ እንዳለ ልንገረው፤ ካሮት ለማበብ ረዘም ያለ ብርድ ይፈልጋል፤ የእኛ ብርድ አይበቃውም። እኔ ናንቴስ የሚባለውን ከሱቅ እገዛለሁ።

ማቆያን በተመለከተ፣ በጥር ከመሬቱ የተሻለ ጎተራ የለም። ለወጡ የሚበቃኝን ብቻ እነቅላለሁ። የካቲት ሲጠባ ግን ሙቀቱ ሳያጠነክረው የቀረውን በሙሉ አወጣለሁ። ቅጠሉ ከሥሩ ውሃ ስለሚመጥ ወዲያው ይቆረጣል፤ አፈሩ ይራገፋል፤ አይታጠብም። ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጬ በመሀላቸው አሸዋ ሞልቼ ጧትና ማታ አርሰዋለሁ። ካሮቱን ትንሹ ውስጥ አድርጌ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ አኖረዋለሁ። የናይጄሪያው መምህር መሐመድ ባህ አባ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስፋፋው ዘዴ ነው። ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ፣ አየሩ ደረቅ በሆነ ቁጥር የበለጠ ያቀዘቅዛል፤ ለቆላ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ፍሪጅ ያለው በተበሳ ፌስታል አድርጎ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ያስገባው።

በማንጎ ወቅት አንዲት ጎረቤቴ «እትዬ፣ የደጋ ካሮት ገዝቼ መረረኝ፤ ነጋዴው አታለለኝ» አለችኝ። ካሮቱ የተቀመጠው ከማንጎው ጋር በአንድ ቅርጫት ነበር። ማንጎ፣ ሙዝ፣ ፓፓያና ቲማቲም ሲበስሉ ኢትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ካሮት ጋዙ ሲደርስበት መራራ ንጥረ ነገር ይፈጥራል። ምሬቱ የሚበዛው ልጣጩ አካባቢ ስለሆነ ወፈር አድርጋ ልጣው ቀቀለችው። ማንጎውን አሁን የምታስቀምጠው ሌላ ክፍል ነው።