ከእምነቷ ወጣች፤ ከስልኳ መውጣት ግን አቃታት!

ሱስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጫት፣ ሲጋራና መጠጥ ነው። «ሰው በማጽናኛ ቃልም ሱስ ይያዛል» ቢሉን ግን «ኧረ ተዉን እባካችሁ!» የምንል ብዙዎች ነን። «አይዞሽ» የሚል ቃል እንዴት ሱስ ይሆናል? ይሆናል! በተለይ ያደጉበትን ወይም የገቡበትን እምነት ትተው ለወጡ፣ ከቤተሰብም ከጎረቤትም ተነጥለው ስልክ ውስጥ ባለ የመሰሎቻቸው ቡድን ለተጠለሉ ወጣቶች ነገሩ እንግዳ አይደለም። የዛሬው ጽሑፋችን «የማን ሃይማኖት ትክክል ነው?» ከሚለው ክርክር ውስጥ አይገባም። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ያዳነን ነገር መልሶ ሲያስረን ምን እናድርግ?

ከወዲያም የለች፣ ከወዲህም የለች

አንዲት ወጣት በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ስም አንሰጣትም፤ ብዙዎችን ትመስላለችና። ያደገችው ጎንደር ውስጥ ቀሐ ወንዝ አካባቢ ነው እንበል። ለጥምቀት ከቀሐ በሚጠለፍ ውኃ የሚሞላውን የፋሲል መዋኛ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሰንበት ትምህርት ቤት ዘምራለች። ዩኒቨርሲቲ ሌላ ከተማ ደረሳትና እዚያ ከዶርም ጓደኞቿ ጋር ወደ አንድ የጴንጤዎች ኅብረት ገባች። ማተቧን ፈታች። ኅብረቱ መጀመሪያ ሞቅ ያለ ነበር። እያደር ግን ማንን እንደምትወድ፣ ምን እንደምትለብስ፣ ከኪሷ ስንት እንደምትሰጥ መሪው ይወስንላት ጀመር። በሦስተኛው ዓመት ከዚያም ወጣች።

ተመርቃ ቤቷ ስትመለስ እናቷ አልቅሰው ዝም አሉ። አባቷ ማዕድ ላይ አያናግሯትም። ጎረቤት በዓይኑ ይሸኛታል። የኅብረቱ ጓደኞቿ ደግሞ ስትደውልላቸው አያነሡም። በዚህ ጊዜ ነው ቴሌግራም ላይ እንደሷ የወጡ ሰዎች የተሰባሰቡበትን ቡድን ያገኘችው። የመጀመሪያውን ሌሊት ስታነብ አነጋች። ለካ እሷ ብቻ አይደለችም!

ያ ቡድን በዚያ ሰዓት ሕይወቷን አትርፎላት ይሆናል። ችግሩ የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅታ ማን እንደመለሰላት ታያለች። አዲስ ሰው ገብቶ ታሪኩን በተናገረ ቁጥር የእሷ ቁስል እንደ አዲስ ይደማል። እናቷ ቡና ቀድተው ሲሰጧት ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው። ለመውጣት ትሞክራለች፤ በሁለተኛው ቀን ትመለሳለች።

ሰው ሲወጣ ምን ያጣል?

እኛ አገር እምነት እሑድ ጠዋት ብቻ የሚሄዱበት ነገር አይደለም። ሰንበቴው አለ፣ የጽዋ ማኅበሩ አለ፣ የንስሐ አባት አለ፣ የክርስትና እናት አለች። ረቡዕና ዓርብ ምን እንደሚበላ የሚወስነው እምነት ነው። ማን ማንን እንደሚያገባም እንዲሁ። ሲሞቱ የት ይቀበራሉ? ይህም ቀላል ጥያቄ አይደለም። «44 ታቦት» እየተባለች በምትጠራው ጎንደር ከዚህ ሁሉ የወጣ ሰው የሚያጣው የጸሎት ቤት ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሰፈር ነው።

ቁጥሩንም እንየው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአገሪቱ የኦርቶዶክስ ተከታዮች 50.6 በመቶ፣ ፕሮቴስታንቶች ደግሞ 10 በመቶ ያህል ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ኦርቶዶክሶች 43.5፣ ፕሮቴስታንቶች 18.6 በመቶ ሆኑ። ምክንያቱ እምነት መለወጥ ብቻ ባይሆንም ብዙ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው መሄዱ ግልጽ ነው። አማራ ክልል ውስጥ ግን በዚያው ቆጠራ 82.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 17.2 በመቶው ሙስሊም ሲሆን ፕሮቴስታንቱ 0.2 በመቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የወጣ ሰው መሰሉን በየመንደሩ ያገኛል፤ ጎንደር ላይ የወጣ ግን መሰሉን የሚያገኘው በስልክ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1830 የተመሠረተችውን የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን እንውሰድ። አባላቷ ከገቢያቸው አሥራት ያወጣሉ፤ ወጣት ወንዶች ለ2 ዓመት ለስብከት ይላካሉ፤ አልኮል፣ ሲጋራ፣ ሻይ፣ ቡናም ሳይቀር የተከለከለ ነው! ከዚህ የሚወጣ ሰው ቤተሰብም፣ ጓደኛም፣ የሳምንት ፕሮግራምም ባንዴ ያጣል። ለዚህም ነው የቀድሞ ሞርሞኖች እርስ በርስ የሚጽናኑበት ቡድን የሚያቋቁሙት። ከእነሱ መሀል «አሁን ደግሞ ከቡድኑ መላቀቅ አቃተን» የሚሉ አሉ።

ጎንደርም ብትሆን ይህን ዛሬ አላየችውም። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ፣ ከአውሮፓ የመጡ ሚሲዮናውያን በደምቢያና በአካባቢው ለቤተ እስራኤል መስበክ ጀመሩ። ክርስትናን ከተቀበሉትና ከልጆቻቸው ብዙዎቹ ከወገኖቻቸው ተለዩ፤ አዲሶቹ ጎረቤቶቻቸውም ሙሉ በሙሉ እንደራሳቸው አልቆጠሯቸውም። መሀል የቀሩት እርስ በርስ እየተጋቡ፣ እየተጠጋጉ ኖሩ። መሀል የቀረ ሰው መሰሉን ሙጭጭ ብሎ መያዙ ከስልክ በፊትም የነበረ የሰው ጠባይ ነው።

ለምን ይይዛል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስ ተካቷል። «የመጽናኛ ቡድን ሱስ» የሚባል በሽታ ግን የለም። ስለዚህ ሱስ ስንል በሰፈር ቋንቋ ነው። ቢሆንም አያያዙን የሚያስረዱ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው መልሱ መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁ ነው። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እርግቦችን አዝራር በመንቁራቸው እንዲነኩ አለማመዳቸው። ጥሬው በነኩ ቁጥር ሲመጣላቸው የነበሩት እርግቦች ጥሬው ሲቋረጥ ቶሎ ተዉት። አንዳንዴ ብቻ፣ ሳይታሰብ ሲመጣላቸው የነበሩት ግን ምንም ሳያገኙ ለረጅም ጊዜ መንካታቸውን ቀጠሉ። ስልክም እንዲሁ ነው። አንዴ ዝም፣ አንዴ ሃያ «አይዞሽ»! እጃችን እየደጋገመ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቁስልን ደጋግሞ ማውራት ነው። አማንዳ ሮዝ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ጥናት በልጆችና በጎረምሶች ላይ አንድ የሚገርም ነገር አግኝታለች። ስለ አንድ ችግር አብረው እያነሱ እየጣሉ የሚያወሩ ጓደኛሞች ፍቅራቸው ጠንካራ ነው፤ ጭንቀታቸውና ድብርታቸውም ከሌሎቹ የበለጠ ነው። ልብ በሉ! መቀራረቡ እውነተኛ ነው፣ ሐዘኑም እውነተኛ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጽዋ ይጠጣሉ።

ሦስተኛው መታወቂያችን «የቀድሞ» የሚል ቃል ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ሔለን ኢቦ የምትባል የሶሲዮሎጂ ምሁር፣ ራሷም የቀድሞ መነኩሲት፣ ከምንኩስና፣ ከትዳር፣ ከሙያና ከመጠጥ የወጡ 185 ሰዎችን አነጋግራ እ.ኤ.አ. በ1988 መጽሐፍ አሳትማለች። እንደሷ አገላለጽ የወጣ ሰው የድሮው ማንነቱ ልክ እንደ መጠጥ ሐንጎቨር አብሮት ይቆያል። ሐንጎቨር ግን ማለፍ አለበት። በየቀኑ ስለወጣንበት ቤት ብቻ የምናወራ ከሆነ ወጣን እንጂ ገና አልሄድንም።

ድንኳኑ መቼ ይነሳል?

እስቲ ከዕድር ጋር እናስተያየው። ሰው ሲሞት ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ንፍሮ ይቀርባል። ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። ሠልስት ሲያልፍ ግን ድንኳኑ ይነሳል። ጎረቤት ሐዘኑን ረስቶ አይደለም፤ ሐዘንተኛው ከሰው ጋር ወደ ኑሮው መመለስ ስላለበት ነው። አርባውና ሙት ዓመቱም በየቀናቸው ይታሰባሉ፤ በመሀሉ ግን ሰው እንጀራውን ይጋግራል፣ ሥራው ይሄዳል።

የስልኩ ቡድን ከዕድር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ድንኳኑ አይነሳም። በየቀኑ አዲስ ሐዘንተኛ ስለሚገባ በየቀኑ ለቅሶ ነው። መግቢያው ቁስል ስለሆነም መዳን ራሱ ክህደት መስሎ ይታያል። «እኔ እኮ ተሽሎኛል» ያለ ሰው እዚያ ምን ሊሠራ ይቀመጣል? እናም ብዙዎች ቢሻላቸውም እንዳልተሻላቸው ሆነው ይቆያሉ።

ሌላም ልዩነት አለ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገሪቱ ለወራት ተገድበው ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ሰው ሁሉ ስልኩ ውስጥ ብቻ የነበረ ወጣት በአንድ ሌሊት ብቻውን ቀረ ማለት ነው። የዕድር ሰው በር ቢያንኳኩበት ይከፍታል። የማናውቀው ስምና ያላየነው ፊት ግን ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ። ከቡድኑ ስትወጡ ቀለል ይላችኋል ወይስ ይከብዳችኋል? ያለፈውን ሳምንት ስለ ድሮው እምነታችሁ ያላወራችሁት ሰው አለ? ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ላይ ነቅታችሁ ታያላችሁ? መልሱ ካሳሰባችሁ የሚከተለውን ሞክሩ።

1. ሰዓት ወስኑለት። ባንዴ ጥርግ ብሎ መውጣት ብዙዎችን መልሶ ያስገባቸዋል። የቡድኑን ድምፅ አጥፉና በቀን አንዴ፣ ለግማሽ ሰዓት ግቡ። ማታ ስልኩ ከመኝታ ቤት ውጭ ይደር። ለመቀስቀሻ 'ስልኬ ያስፈልገኛል' የሚል ካለ ደወል ያለው ሰዓት ገበያ ላይ ሞልቷል!

2. ወረቀት ላይ ጻፉ። ጄምስ ፔንቤከር የተባለ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ4 ቀን፣ ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ አደረገ። የሆነውንም የተሰማቸውንም የጻፉት ወዲያው ቢከፋቸውም በቀጣዮቹ ወራት ጤና ጣቢያ የሄዱት ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ነው። ወረቀት «ላይክ» አያደርግም፤ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው።

3. ያጣችሁትን አንድ በአንድ በአካባቢያችሁ ተኩ። ዕቁብ ስትገቡ የሚጠየቀው ገንዘቡን በጊዜው መክፈላችሁ ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ አጠገቡ የጮኸውን ሰው «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ያለ የለም። የቋንቋ ትምህርትም በሉት፣ ስፖርትም በሉት፣ ስለ መውጣት የማይወራበት አንድ ቦታ ይኑራችሁ።

4. ለቅሶና በዓል አትቅሩ። የማታምኑበትን አድርጉ አላልንም። የጎረቤት ለቅሶ ላይ መገኘት ግን የእምነት ፈተና ሳይሆን ሰውነት ነው። እናታችሁ ቡና ሲያፈሉ ስልኩን አስቀምጡና ተቀመጡ። ስለ ዶግማ አትከራከሩ፤ ስለ አያቶቻችሁ ጠይቋቸው። ወሬ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

5. ከማታውቁት ሰው ተጠንቀቁ። የተጎዳ ሰው በብዛት ያለበት ቦታ አዳኝም አይጠፋውም። ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ፎቶ የሚያስልክ፣ «ውጭ አገር ልውሰድሽ» የሚል ካጋጠማችሁ ያ መጽናኛ አይደለም።

6. ስትወጡ አመስግናችሁ ውጡ። ከቡድኑ ልብ የተገናኛችሁት ሁለት ወይም ሦስት ሰው ካለ ስልካቸውን ያዙ፤ በአካል መገናኘት ከተቻለ ተገናኙ። ሦስት የሚታወቅ ሰው ከሦስት መቶ የማይታወቅ ይበልጣል።

7. እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ መኖር ካስጠላ ደግሞ ነገሩ ከስልክ በላይ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። እዚያ መሄድ እንደ ጥርስ ሕመም ሕክምና እንጂ እንደ እብደት አይቆጠር።

ለወላጆችም አንድ ቃል

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ከእምነታችሁ ስትወጣ የሚሰማችሁ ሐዘን እውነተኛ ነው። ማንም ቀላል ነው አይላችሁም። ግን አስቡት፤ ማዕድ ላይ ዝም የተባለች ልጅ የሚያናግራት ሰው መፈለጓ አይቀርም፤ የምታገኘውም ሌሊት፣ የማታውቁት ሰው ዘንድ ነው። በእምነቷ ባትስማሙም «እራት በላሽ?» ማለት ሃይማኖት አይለውጥም። ልጅ ስልኳን ለማስቀመጥ መጀመሪያ ዓይኗን ቀና ስታደርግ የሚያያት ሰው ያስፈልጋታል።