የታኅሣሥ ፀሐይና የጡረታ ቀን

ጡረታ የወጣ ሰው ገጠር ገብቶ ቀኑን በምን ያሳልፋል? ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ የምናነሳው ተራው የገዛ ወላጆቻችን ሲሆን ነው። እኛም ባለፈው ታኅሣሥ ይህንኑ ይዘን ከደሴ ወደ ኩታበር ወጣን። የሄድነው አንድ የቀድሞ መምህራችን ዘንድ ነበር። በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጥተው፣ የአባታቸውን ቤት አድሰው ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። አዲስ አበባ ያሉት ልጆቻቸው «እናንተን ይሰማሉ፤ ብርዱና ብቸኝነቱ ሳይጎዳቸው ወደኛ እንዲመጡ ምከሩልን» ብለው ልከውናል።

በታኅሣሥ የወሎ ደጋ ሰማይ ደመና የለውም። ምድሪቱ ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝላት ስለማታገኝ፣ ሲነጋ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። ለሱብሒ ስንነሳ ጋሼ ቀድመውን ተነስተው የውዱእ ውኃ ምድጃ ዳር ለብ አድርገው ጠበቁን። «ለእኔስ ቀዝቃዛውም አይከፋኝም፤ እናንተ ግን የከተማ ልጆች ናችሁ» ብለው ሳቁብን።

ፀሐይ ስትወጣ ባናቸውን ደርበው ወደ ምሥራቅ በሚያየው ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። ጎረቤቱም አንድ በአንድ እየመጣ ተደረደረ። የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ገብስ ዛሬ እንደሚወቃ፣ ማን እንደታመመ ተወራ። አንዱ ማመልከቻ አጻፈ። እማማ የአዲስ ገብስ ቆሎ ቆልተው፣ ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ አጠጡን፤ ዱዓም ተደረገ። ከዙህር በኋላ ሦስት የሰፈር ልጆች ደብተር ይዘው መጡ። ጋሼ ክፍልፋይ የሚያስረዷቸው ያንኑ ቆሎ መሬት ላይ እየከፋፈሉ ነበር።

ቀደምት ሙስሊሞች የብርድን ወራት የሚወዱት ሌሊቱ ለሶላት ስለሚረዝም፣ ቀኑም ለጾም ስለሚያጥር ነበር። በአገራችን ልዩነቱ ጥቂት ነው። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ያለው አጭር ቀን ከሰኔው ረጅም ቀን የሚያንሰው በአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ነው። ጋሼ ግን ያቺንም አያባክኗትም፤ ሰኞና ሐሙስ ይጾማሉ።

ማታ እሳት ዳር የተላክንበትን ተናገርን። ጋሼ ጥቂት ዝም ብለው እንዲህ አሉን፦

«በ2014 ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ልጄ ዘንድ ሦስት ወር ተቀምጫለሁ። ምግብ አልጎደለብኝም፤ ማንም አላስቀየመኝም። ጠዋት ሁሉም ወደ ሥራው ይወጣል፤ እኔ ቴሌቪዥን እጠብቃለሁ። በሦስት ወር ውስጥ ‹ይህን አስረዳኝ› ያለኝ አንድ ሰው የለም።»

የምንመልሰው አጣን። ይዘነው የመጣነው ምክር ሁሉ ስለ ብርዱ ነበር። እሳቸው ምን እንደሚፈልጉ አስቀድሞ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

ይህን ጊዜ እማማ ጣልቃ ገቡ። «እኔን የሚያሳስበኝ ብርዱ አይደለም፤ የደም ግፊቱ ክኒን ሲያልቅ ነው። ባለፈው አሥር ቀን ሙሉ ያለ ክኒን ቆይቷል፤ ለእናንተ አይነግራችሁም» አሉ። ጋሼ አቀረቀሩ። እኛም የልጆቹ ስጋት ከንቱ እንዳልነበረ ተረዳን። ከዚያ ሌሊት ንግግር የወጣው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ልጆቹ ተራ ገብተው በየወሩ መድኃኒቱን ሊያመጡ፣ ጋሼም በየሁለት ወሩ ደሴ ወርደው ሊታዩ ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ጤናና ትርፍ ጊዜ ብዙ ሰዎች የሚከስሩባቸው ሁለት ጸጋዎች መሆናቸውን አስተምረውናል። ጋሼ ትርፍ ጊዜያቸውን አውቀውበታል። ጤናቸውን መጠበቅ ደግሞ የሁላችንም አደራ ነው።

ስንመለስ ልጆቻቸው ደውለው «እሺ አሉላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን።

«ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ» አልናቸው። «ጠዋት ግድግዳው ሥር አብራችኋቸው ፀሐይ ሙቁ። የቀረውን እዚያው ትነጋገራላችሁ፤ ኢንሻ አላህ።»