ከትራክተር ወደ ቲ-34፣ ከቲ-34 ወደ ትራክተር

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋው የሶቪየት ታንክ ሲነሣ የሚወደሱት ማርሻሎቹና መሐንዲሶቹ ናቸው። ታንኩን የነዳው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የገበሬ ልጅ፣ ከዚያም የትራክተር ነጂ ነበር። ይህ ደግሞ እንዲያው የሆነ ነገር አይደለም።

በ1930ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የስታሊን መንግሥት የገበሬውን መሬት ወደ ኮልኾዝ፣ ማለትም ወደ ጋራ እርሻ፣ ሲጠቀልል ትራክተሮቹን በራሱ እጅ ይዞ በየአውራጃው የማሽንና ትራክተር ጣቢያ አቋቋመ። እዚያ የሠለጠነ የመንደር ወጣት የቼልያቢንስክ ፋብሪካ የሠራውን ባለሰንሰለት ትራክተር ይነዳል። ትራክተሩ ክብ መሪ የለውም። ግራውን ማንሻ ሲስቡት የግራው ሰንሰለት ኃይል ያጣና መኪናው ወደ ግራ ይዞራል፤ ቀኙም እንደዚሁ ነው። ቲ-34 ታንክም የሚዞረው በዚሁ ዘዴ ነው። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ከእርሻ ወደ ጦር ዞረው የስታሊንግራዱ ቲ-34 ሲሠራ፣ ቼልያቢንስክ ደግሞ «ታንኮግራድ» የሚል ስም አተረፈች።

ብዙ አዲስ ታንከኛ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነድቶ ወደ ግንባር በሚላክበት ጊዜ፣ የሞተርን ሕመም በጆሮው የሚለይ ሰው ለክፍሉ ሲሳይ ነበር።

የነጂው ቦታ ከፊት በስተግራ ነው። ከ26 ቶን በላይ የሚመዝነውን ብረት የሚገፋው 500 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር ከኋላ ያጓራል። ማርሹ እጅግ ጠንካራ ስለነበር አንዳንዴ በስተቀኝ የተቀመጠው መትረየስ ተኳሽ እጁን ጨምሮ አብረው ይጎትቱታል። የማያ መስታወቱ ደካማ በመሆኑ ብዙዎች ከፊታቸው ያለውን መዝጊያ በመዳፍ ስፋት ከፍተው ይነዱ ነበር፤ ፍንጣሪ በዚያው ሊገባ እንደሚችል እያወቁ። የውስጥ መነጋገሪያው በጩኸቱ መሀል ስለማይሰማ አዛዡ ትእዛዙን በጫማው ያስተላልፋል። ግራ ትከሻውን ሲረግጠው ወደ ግራ፣ ቀኙን ሲረግጠው ወደ ቀኝ። በሬ ሲነዳ ያደገ ሰው አሁን በተራው እንደ በሬ ተነዳ።

በ1942 መጨረሻ የአንድ ታንክ ሬጅመንት አቅም 39 ታንክ ነበር፤ ከእነሱም 16ቱ ቀላል ታንኮች ናቸው። ጥቂት ቀን ባጠቃ ክፍል ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚተርፍ መገመት አይከብድም፤ ሶቪየቶች በጦርነቱ በጠቅላላው ከ80 ሺህ በላይ ታንክ አጥተዋል። ጉድለቱን ለመሙላት ገበሬው ልጁን ከሰጠ በኋላ ገንዘቡንም ሰጠ። በ1942 መገባደጃ የታምቦቭ ገበሬዎች 40 ሚሊዮን ሩብል አዋጥተው «የታምቦቭ ኮልኾዝ ገበሬ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ታንኮች ተሠሩ። በስታሊን ዘመን መዋጮ ውዱን ከግዱ መለየት ግን ያስቸግራል።

በሰኔ 1945 ሠራዊቱን የሚቀንስ ሕግ ወጣና በዕድሜ የገፉት ቀድመው ተሰናበቱ። ነጂው ሲመለስ ትራክተሩ ላይ ያገኘው ሴቶችን ነው፤ ከጦርነቱ በፊት ፓሻ አንጄሊና በሴት ነጂዎች ቡድኗ ዝነኛ ሆና ነበር፣ በጦርነቱ ጊዜ ግን እርሻው በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ ወደቀ። ትራክተሩ አርጅቷል፣ መለዋወጫ የለም፤ ብዙ መንደር በላም ያርሳል። ግንባር በነበረው ማሳ ፈንጂ ተቀብሯል። በ1946 ድርቅ መጣ፣ ረኃብም ተከተለው። የኮልኾዝ ሰው ደመወዝ የለውም፤ የሠራበት ቀን በመዝገብ ይቆጠርና መንግሥት ድርሻውን ከወሰደ በኋላ ከተረፈው እህል ይሰፈርለታል።

እኔን ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ለኒሻንና ለሜዳይ ይከፈል የነበረው ትንሽ ወርሃዊ አበል ከ1948 መጀመሪያ ጀምሮ ቀረ። ግንቦት 9፣ የድል ቀን፣ በዚያው ዓመት የሥራ ቀን ሆነ።

መኪናው እየተሻሻለ ሄደ። በ1946 የተቋቋመው የሚንስክ ፋብሪካ «ቤላሩስ» ትራክተርን አወጣ፤ የእኛም አገር የመንግሥት እርሻ ሠራተኞች በስሙ ያውቁታል። በ1958 የትራክተር ጣቢያዎቹ ፈርሰው ትራክተሮቹ ለኮልኾዞች ተሸጡ። ለኮልኾዝ ገበሬ የአገር አቀፍ ጡረታ የተጀመረው በ1965 ነው፤ ዝቅተኛው በወር 12 ሩብል ነበር። የድል ቀንም በዚያው ዓመት ወደ በዓልነቱ ተመለሰ። አብዛኛው የኮልኾዝ ገበሬ ግን እስከ 1974ቱ ውሳኔ ድረስ የአገር ውስጥ ፓስፖርት በእጁ አልነበረም፤ በርሊን ድረስ ታንክ የነዳው ሰው ያለ ኮልኾዙ ፈቃድ መንደሩን ለቆ ከተማ መኖር አይችልም ነበር።