ጠጁ ከወጡ ሲስማማ

በርበሬ በሚለቀምበት ወቅት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ቢጓዙ በየደጁ ተሰጥቶ የሚደርቀው ቀይ ዛላ ዓይንዎን ይስበዋል። ይኸው የምዕራብ ጎጃም ገጠር የማር አገርም ነው። ማሩ ጠጅ፣ በርበሬው ወጥ ሆነው በአንድ ማዕድ ሲገናኙ ግን ሁልጊዜ አይስማሙም።

ኢጣሊያኖች በዚህ ረገድ ጥንቁቆች ናቸው። በየአውራጃቸው የየራሳቸው ቀይ የወይን ጠጅ አላቸው። የፒዬሞንቴ ሰው ባሮሎ የተባለውን አፍ የሚይዝ ወይን በቀስታ ከበሰለ የበሬ ሥጋ ጋር፣ የቶስካና ሰው ኪያንቲውን ከከሰል ጥብስ ጋር፣ የኤሚሊያ ሰው ደግሞ አረፋ ያለውን ላምብሩስኮ ከሰባ የአሳማ ሥጋ ጋር ያቀርባል። የወይኑ ጎምዛዛነት የስቡን ክብደት ከአፍ ያነሳዋል።

በእኛ ጠጅ ይህን ሥራ የሚሠራው ጌሾ ነው። 1 እጅ ማር በ3 እጅ ውኃ ተበርዞ፣ ጌሾ ገብቶበት ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሰነብት የማሩ ስኳር ወደ አልኮል ይለወጣል፤ ጣፋጭነቱ እየቀነሰ ምሬቱ እየጎላ ይሄዳል። ደረቅ የሚባለው ይህ ነው። ለጥሬ ሥጋ፣ ቅቤ ለጠገበ ክትፎና ለጥብስ ተስማሚ ነው።

ለዶሮ ወጥ ግን አይስጡት! በርበሬ ያቃጠለውን አፍ አልኮል ይብስ ያቃጥለዋል። እንግዳውም ቃጠሎውን አበርዳለሁ ሲል ብርሌውን ይደጋግማል። የሰርግ ቤት ጠብ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይጀምራል ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም። ለዶሮ ወጡ ጣፋጭነቱ ያልለቀቀው ለስላሳ ጠጅ ይሻላል፤ አጠገቡም አይብ አይጥፋ፤ ከውኃ ይልቅ የበርበሬን ቃጠሎ የሚያበርደው እሱ ነውና።

ነፍሰ ጡርና ልጆች ለስላሳውንም ቢሆን አይቅመሱ፤ ለእነሱ ብርዝ አለላቸው። ዕድሜው 1 ዓመት ያልሞላ ሕፃን ግን ብርዝም ሆነ ሌላ ማር ያለበት ነገር ከቶ አይሰጠውም፤ ማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል ተሐዋስ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ያመነጫልና። ብርዙም በዕለቱ የተበረዘ ይሁን። ጌሾ ባይገባበትም ከሰነበተ በራሱ ይፈላል። የተረፈውን ቀምሰው ምላስዎን ቆንጠጥ ካደረገዎት ከልጆች ያርቁት፤ ጠጅ ጥለው እንደሆነ ከጋኑ ይጨምሩት።